ከግብር የተቀነሱት አክስት

ሰው ዓመቱን ሙሉ ቤቱን ሲያሞግስ ይከርማል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው የድሮ ሰው ሥራ ነው፣ እንዲህ ያለ በር ዛሬ በገንዘብ አይገኝም ይላል። የቤት ግብር ወቅት ሲደርስ ግን ያው ሰው ቤቱን ማማት ይጀምራል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ሰምጧል፣ ኧረ ይሄም ቤት ተብሎ ነው ይላል። ሐሜቱ እዚያ ላይ ቢቆም ማንንም አይጎዳም ነበር። ይህ ታሪክ ግን ከዚያ አልፈው ስለሄዱ ባልና ሚስት ነው።

ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ነች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ መልስ የማታጣ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚቀድም ሴት። ባልየው ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ የሰፈሩ ግማሽ ሱቅ ስሙን ያገኘው ከእሱ ብሩሽ ነው። ቆርቆሮ ላይ እንጨት፣ እንጨት ላይ ዕብነ በረድ መሳል ይችልበታል። ከእነሱ ጋር፣ በቤቱ የኋላ ክፍል፣ ባልየውን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት አክስቱ ይኖራሉ። አክስትየዋ ዕድሜያቸውን ስልክ ቤት መስመር ሲያገናኙ ስለኖሩ ዝምታ አይሆንላቸውም። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። «ሬዲዮስ ሬዲዮ ነኝ፣ ግን ማስታወቂያ የለብኝም» ይላሉ።

በዚያ ዓመት ቤታቸው ሦስተኛ ደረጃ ተመደበ። የደረጃው ቁጥር በጨመረ መጠን ግብሩም ይጨምራል። አጠገባቸው ያለው የጡረተኛው ሾፌር ቤት፣ አንድ ግንበኛ በአንድ ፕላን የሠራው መንታ ቤት ግን ሁለተኛ ነው። ሚስትየዋ ነገር አታሳድርምና በማግስቱ ቅሬታ ከሚቀበሉበት መስኮት ፊት ተገኘች።

«እህቴ፣ እናንተ ጋራዥ አላችሁ» አለቻት መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ።

«ጋራዡ የፈረሰው እኔ ሳላገባ ነው። ዛሬ ልብስ ይሰጣበታል።»

«እኛ ጋ ግን አልፈረሰም።»

«እናንተ ጋ ካልፈረሰ መኪናችሁን አምጥታችሁ አቁሙበት።»

ሠራተኛዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ስሚኝማ፣ መብትሽ ነው እኮ። ሲፈርስ ያየ ጎረቤት ምስክር ይዘሽ ነይ። የቤት ገማቹ መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ደረጃው ይስተካከላል። ክፍያም የለውም።»

ሚስትየዋ እፎይ ብላ ቤቷ ገባች። ባልየው ግን ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ጋራዡ ሲፈርስ ያየው ጎረቤት ጡረተኛው ሾፌር ብቻ ናቸው። እሳቸውና ባልየው ደግሞ «የፈረሰው ድንጋይ የኔ ነው፣ የኔ ነው» ተባብለው ከተኳረፉ ወዲህ በአጥር ላይ እንኳ ደህና ዋሉ አልተባባሉም።

«እኔ እዛ ሽማግሌ ደጅ ቆሜ መስክሩልኝ አልልም» አለ።

«ታዲያ ልትከፍል ነው?»

«ለምን እከፍላለሁ? ሰው የማይኖርበት፣ ሊወድቅ የደረሰ ክፍል ከቁጥር ይወጣል። ደንቡ ራሱ ነው የሚለው። የኋላውን ክፍል ማንም አይኖርበትም እንላቸዋለን።»

«እትዬስ?»

«እትዬማ አለች። ምን ትሆናለች? ወሬ እኮ ነው። የለችም ስለተባለ ሰው አይጠፋም።»

«የፈረሰውን ፈርሷል ማለት አቅቶህ ያሉትን እትዬ የሉም ልትል?»

«አንቺ ደግሞ፣ ሁሉም እንዲህ እያደረገ ነው የሚኖረው። ሞኝ ብቻ ነው እንደ ጨዋ የሚሰለፈው።»

ልትረታው ትችል ነበር፤ ስንቱን ባለሥልጣን ደንበኛ በቃል የረታች ሴት። ግን ለነገ ቃል የገባችበት ስፌት ተቆልሎ ይጠብቃታል፣ ጭቅጭቅም ሰልችቷታል። «እንደ ፍጥርጥርህ» አለችና የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። ክፉ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ጎበዞች ሲደክማቸው ነው።

ባልየው ቀለሙን በጠበጠ። ግራጫ፣ የዝገት መልክ፣ ጥቂት አረንጓዴ። ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ሣለ። ጥግ ጥጉን ደግሞ ውኃ የጠጣ ግድግዳ አስመሰለው። አክስትየዋ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩታል።

«ጎበዝ፣ ክፍሌን በአንድ ቀን አስረጀኸው። ብቻ በእኔ ላይ ቀለም አታባክን፣ እኔን ጊዜ በነፃ ጨርሶኛል።»

«እትዬ፣ ገማቹ ሲመጣ ለአንድ አፍታ ወጣ ትያለሽ። እዚህ የሚኖር ሰው የለም ስለምንለው ነው።»

ሬዲዮ ሹራባቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «እኔ ከክፍሌ አልወጣም» አሉ። «አፌንም አልከፍትብህም። የለችም የምትለው አንተ ነህ፤ እኔ ተቀምጬ እሰማሃለሁ።»

ገማቹ መጣ። ትሁት ወጣት ነው፤ ጫማውን ሳይጠርግ ደጃፍ አይረግጥም። ሳሎኑን ለካ፣ መኝታ ቤቱን ለካ፣ የኋላው በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ማን ይኖራል?»

«ማንም አይኖርም» አለ ባልየው።

ገማቹ በሩን ከፈተው። ሚስትየዋ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። አክስትየዋ ሹራባቸውን ደርበው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዝም ማለት አልሆነላቸውምና «እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉ። የገማቹ ዓይን ከአልጋው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ስንጥቁ እኩል አለፈ። አንገቱን በኮሌታው ውስጥ ቀበር አድርጎ «ይቀዘቅዛል» አለ። ከዚያ በሩን እንደ ባዶ ክፍል በር ዘጋው።

«አይቶ እንዳላየ ሆነልን» አለ ባልየው፣ ገማቹ እንደወጣ። «እንዲህ ያለም ደግ ሠራተኛ አለ።»

ሚስትየዋ ልታምነው ፈለገች። ነገር ግን አይቶ እንዳላየ የሚሆን ሰው ዓይኑ ይሸሻል። የዚያ ልጅ ዓይን አልሸሸም።

መጀመሪያ የመጣችው ወተት አመላላሿ ነች። «እትዬ ሬዲዮ የት ሄዱ? ድምፃቸው ናፈቀኝ» አለች። አክስትየዋ ፊት ለፊቷ ቆመው ጆጓቸውን ዘርግተዋል። ሴትዮዋ ለሚስትየዋ ቀድታ፣ ሒሳቧን ተቀብላ፣ በተዘረጋው ጆግ አጠገብ ልብሷ እንኳ ሳይነካው አለፈች። ሬዲዮ ጆጉን ይዘው ብዙ ቆዩ። «አረጀች መሰለኝ፣ ዓይኗ ደከመ» አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ስልክ ሳስቶ ነበር።

ሌላ ቀን ባልየው ከሥራ ገብቶ ኮቱን በአክስትየዋ ወንበር ላይ ጣለው። ወንበሩ ላይ ግን ተቀምጠውበታል። አክስትየዋ ኮቱን ከጭናቸው ላይ ቀስ ብለው አንስተው፣ አጥፈው ዳር አስቀመጡት። ባልየው ሲፈልገው ታጥፎ አገኘው፤ «አመሰግናለሁ» ያለው ሚስቱን ነው። እሷም «ምንም አይደል» አለች። ያን ጊዜ ያጠፈችው ራሷ መስሏት ነበር።

በግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅም ነበር። ልታጥበው ቀርባ እጇን ስታስጠጋበት ንፋስ ወጣ፤ ተቆፍሮ የቆየ አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ንፋስ። «ቀለም ነው» አለች ለራሷ። ቀለም ግን አይተነፍስም።

ከዚያ ወዲያ እሷም መርሳት ጀመረች። ይሄ ነው ከሁሉ የሚያስፈራው፤ ሰው ሲረሳ መርሳቱ አያመውም። ገበታው ለሁለት ይቀርባል፣ ቡናው ለሁለት ይፈላል፣ የኋላው በር ዝግ ይውላል፤ ማንም ምን ጎደለ አይልም። ታዲያ አንድ ቀን፣ ፀሐዩ መስኮቱ ላይ እንዳለ፣ ስፌቷን አቁማ ክር ልታስገባ ስትል ቤቱን ሰማችው። ጸጥ ብሏል። «ይሄ ቤት ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ?» ብላ አሰበች። ድሮ ምን እንደነበር ለማስታወስ ስትሞክር ልክ ስም አፏ ላይ እንደጠፋባት ሰው ሆነች። የሆነ ነገር፣ ሲያወራ የሚውል የሆነ ሰው…

ተነሥታ የኋላውን በር ከፈተች። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው አቧራ ለብሷል፣ ወንበሩ ላይ ሸረሪት አድርቷል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ልትወጣ ስትል እጇ የወንበሩን መደገፊያ ነካ። ሞቃት ነው፤ ሰው አሁን የተነሣበት ሳይሆን አሁንም የተቀመጠበት ዓይነት ሙቀት። ወዲያው የሆነ ነገር የእጅጌዋን ጫፍ ያዘ።

«ባለመርፌ» አለ አንድ ድምፅ፣ ከትንፋሽ የማይበልጥ። «ማንም አይጠራኝም እኮ።»

ወጥታ የሮጠችው ወደ ባሏ ሥራ ቦታ ነው። መሰላል ላይ ቆሞ የዳቦ ቤት ታፔላ ይጽፋል።

«ውረድ። እትዬ እየጠፉ ነው።»

ባልየው ብሩሹን እንደያዘ ትክ ብሎ አያት። ቀልድም ንዴትም በፊቱ ላይ የለም። «የትኛዋ እትዬ?» አላት።

ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሚስትየዋ ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ጡረተኛው ሾፌር ደጅ ነው። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው «ድንጋዬን ልትመልሱ ነው?» አሉ።

«ድንጋዩን ነገ ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ፣ ጋሼ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ሰው ነው። ስለ እትዬ ሬዲዮ።»

«ሬዲዮ…» ሽማግሌው ግንባራቸውን አሻሹ። «እኔስ ሰፈሩን ምን ነካው እላለሁ። ቆይ እስቲ፣ ፊቷ ለምን ይጠፋኛል?» በሩን ከኋላቸው ዘግተው ሳይጠይቁ ተከተሏት።

ገማቹን ቢሮው አገኙት። «ሰው የለም ያለው ባለቤትሽ ነው» አላት።

«እኔም አጠገቡ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ዋሽተናል። ሰው አለ።»

«ይሄ ቅጣት አለው።»

«ቅጣቱ የትም አይሄድም። ሴትዮዋ ናቸው የሚሄዱት። እባክህ ቶሎ ና።»

በኋላው ክፍል በር ላይ ሦስቱ ቆሙ። ብርዱ ትንፋሻቸውን ያሳያል። ገማቹ «ባዶ ነው እኮ» አለ በቀስታ፣ ያዘነላት ይመስላል። ሚስትየዋ ግን ወደ ወንበሩ ዞራ መናገር ጀመረች።

«እዚህ ሰው ይኖራል። የባሌ አክስት ናቸው። ስኳራቸውን ሳያማስሉ ሻይ ይጠጡና ከሥር የቀረውን በማንኪያ ይበላሉ። ዝናብ መምጣቱን በግራ ጉልበታቸው ያውቃሉ። ያገባሁ ሰሞን ምግብ ሳሳርር እኔ ነኝ ያሳረርኩት ብለው ሸፍነውኛል። እኔን ባለመርፌ ይሉኛል። እኔ ደግሞ እንደ ፍጥርጥርህ ብዬ ሰጠኋቸው።»

ሽማግሌው ወደ ወንበሩ ጠጋ አሉ። «እናቴ የሞተች ቀን ስልኩን ያገናኘችው እሷ ናት» አሉ። «መርዶውን ሰምታ ኖሮ፣ ሥራዋን ጥላ መጥታ እስከ ቤቴ አብራኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር እያወራች። አሁን ፊቷ መጣልኝ።»

ገማቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቆቡን አወለቀ። «እናቴ» አለ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላየሁዎትም።»

«ባለፈውም እንደምን ዋልክ ብዬህ ነበር» አሉ ሬዲዮ፣ ከወንበራቸው ላይ፣ ደቅቀው፣ ገርጥተው፣ አቧራ ሹራባቸው ላይ ተኝቶ። «መልሱን አሁን ይዘህ መጣህ?»

ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮ ነገር አጭር ነው። ገማቹ ልብስ የሚሰጣበትን ባዶ መሬት ረገጠ፣ ሽማግሌው ጋራዡ መፍረሱን መሰከሩ፣ ቤቱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ። ለሐሰቱም ተቀጡ። እውነቱ ከመጀመሪያው ለእነሱ የቆመ ነበር፤ የጠየቃቸውም አንድ ኩርፊያ ማፍረስ ብቻ ነው።

እናም ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ደረጃችሁ ያልተገባ ከሆነ ተከራከሩ። አትፍሩ፤ መስኮቱ የተከፈተው ለዚህ ነው። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም በሉ። ለጥቅም ብላችሁ ግን በቤታችሁ ያለን ሰው የለም አትበሉ። መጀመሪያ አፍ ይለዋል፤ ከዚያ ዓይን ይቀበለዋል፤ በመጨረሻ ልብ ራሱ ያምነዋል።

ባልየው በዚያ ቀን ሲገባ አክስቱን አያቸው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ትዝ አለው። እግራቸው ላይ ወደቀ። አክስትየዋ ግን በእሱ በኩል አሻግረው በሩን እያዩ «ባለመርፌ፣ በሩን ንፋስ ነው የከፈተው?» አሉ። ሚስትየዋን ያያሉ፣ ሽማግሌውን ያያሉ፣ ከወተት አመላላሿ ጋር ይሳሳቃሉ። የለችም ያላቸውን ሰው ግን አያዩትም፤ አይሰሙትምም።

ስንጥቁን ፍቆ ግድግዳውን ነጭ ቀባው። ከሥራ ሲመለስ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ማን እንደሆነ ይነግራቸዋል። ዕለት ዕለት ይነግራቸዋል።

በቀደም ከሰዓት በኋላ አክስትየዋ ጨዋታቸውን አቋርጠው «ባለመርፌ» አሉ፣ «እዚህ ቤት አንድ ልጅ አሳድጌ ነበር። እጁ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። የት ደረሰ?»

ሚስትየዋ ባሏን አየችው። ባልየው ሁለት እጁን አንሥቶ በአክስቱ መዳፍ ላይ አኖረ።

«እሳት አነደድሽ እንዴ?» አሉ አክስትየዋ፣ ጣቶቻቸውን እያዩ። «እጄን ሞቀኝ።»

ባልየው እጁን አላነሣም።