የይትባረክ ዳቦ

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት ነው... ማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ዳቦዎች ሁሉ አንድ አንድ ንክሻ ብቻ እንዳላቸው ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

የልጄ ዳቦ ሁለት ነበረው።

ጊዜው ሰኔ 1993 ዓ.ም፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ቦታው ሚዛን ተፈሪ፣ የአቶ ባየ ምግብ ቤት።

አቶ ባየ ታሽከንት ተምረው፣ ኡዝቤክ ሚስት አግብተው የመጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ዙልፊያ ትባላለች። ቤቱ አራት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ላይ ቀይ ምንጣፍ፣ ከጓዳ በበግ ሥጋና በካሮት የበሰለ የሩዝ ሽታ... ገብቶ መውጣት ያስጠላል።

ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ልጄ ይትባረክ ወደ ግንባር ሊሄድ ሲል የመሰናበቻ ምሳችንን እዚያ በላን። ዙልፊያ ክብ ዳቦ አመጣችለት።

"አንዴ ግመጥ" አለችው። "በአገሬ ዘማች እንዲህ ያደርጋል። የቀረውን ሲመለስ ይበላዋል።"

ልጄ ሳቀ። "እትዬ ዙልፊያ፣ እስክመለስ ድንጋይ ሆኖ ጥርሴን እንዳይሰብረው!"

ገመጠ። እኔ እንዳያንቀው ብዬ ውሃ ቀዳሁለት።

ስሙን ጽፋ ከሌሎቹ ዘማቾች ዳቦ ጎን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ጦርነቱ አለቀ። የጎረቤቴ የማናልሞሽ ልጅ መጣ። የጀይላን ወንድም መጣ፤ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ እየሳቀ ጨረሰው።

የእኔ ልጅ... ደብዳቤም የለ፣ መርዶም የለ።

አመሻሽ ላይ እየሄድኩ ዳቦው ሥር እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አወረድኩት። አሸተትኩት። ጥርሱ ካረፈበት አጠገብ ጥርሴን አሳረፍኩ... እንደ ጸበል ጸዲቅ ትንሽ ቀመስኩ። ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ ክፋት አልነበረኝም።

መልሼ ሰቀልኩት።

በማግስቱ፣ ያልኳችሁ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።

ይትባረክ ነበር።

ከስቷል። ውጭ ዶፍ ይጥላል... ልብሱ ግን ደረቅ ነው።

ብድግ አልኩ። እሱ ወደ እኔ አላየም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ዳቦውን አወረደ። ወደ አፉ አስጠጋው...

ቆመ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አለ በሹክሹክታ።

"ይቱ! ያንተ ነው! እኔ ነኝ... እናትህ!"

ዞሮ አየኝ። መንገድ ላይ እንዳገኛት ባዳ ሴት አየኝ።

"ይቅርታ እማማ..." አለ። "ቤት ተሳስቻለሁ።"

ወጣ።

ተከትዬው ሮጥኩ። ደጁ ሁሉ ጭቃ ነው። አንድም ዱካ የለበትም።

ስመለስ ዙልፊያ ዳቦውን እያገላበጠች ፊቷ አመድ መስሏል።

"ማን ነካው?"

"...እኔ።"

"ውድነሽ! ምን አደረግሽ? የሌላ ሰው ጥርስ ካረፈበት፣ መንገደኛው ቤቱን በምን ያውቃል?"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "በሩ አይዘጋ" አልኩ። "ይመለስ ይሆናል... እባካችሁ አይዘጋ።"

አቶ ባየ ቁልፉን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሌላ ሰውም አልገባም።

"በቃሽ እህቴ" አሉኝ በመጨረሻ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ሊዘጉ ተነሱ።

እሳቸው ሳይደርሱበት በሩ ቀስ ብሎ ገጠመ...

ቀጭ።

ከውጭ ተቆለፈ።

ቁልፉ አሁንም አቶ ባየ እጅ ላይ ነበር።