ገመድ ያልተሰካበት ኪቦርድ

ይህ ባለፈው የካቲት፣ በቁስቋም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነ ነው። የማያምን ቢኖር አልቀየመውም፤ ቤቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቱ አያ ቢያዝን ዛሬም በሕይወት አሉ።

ልጃቸው ምናለ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንደሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ወሬውም የለ፣ አስከሬኑም የለ። ጎረቤት "ለቅሶውን ተቀመጡ" ቢላቸው፣ አንገታቸውን አቅንተው "ላልሞተ አይለቀስም!" ብለው መለሱ።

እኅቱ ሄለን፣ ጀምሮት የሄደውን መዝሙር ልትጨርስለት ዊንዶውስ የተጫነበትን ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ዜማ የሚጫወትበትን ኪቦርድ ገና አልሰካችውም...

የሙዚቃ መቅጃው ፕሮግራም ግን ሚዲ እየተቀበለ ነበር።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ የሚናገር ቁጥር ነው። የጉልበቱ ትንሹ አንድ፣ ትልቁ መቶ ሃያ ሰባት ነው።

ስልሳ አንድ... ሃምሳ ስምንት... ሃምሳ አምስት...

"የቅንብር ስሕተት ይሆናል" አለች ለራሷ። የራሷን ማክ ኮምፒዩተር አመጣች። የተሰኩ የሚዲ መሣሪያዎችን ዝርዝር አየች፤ ባዶ ነው። ፕሮግራሙን ከፈተች።

አርባ... ሠላሳ ስድስት...

ሊነክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ቀርቷታል። በእርሱ ላይ መግቢያና መውጫውን በእጅ ካላያያዙት አንዳች አያልፍም።

አላያያዘችም።

ሃያ ሁለት... ሃያ...

አያ ቢያዝን በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምነው፣ አንዱ ማኪና አልበቃ ብሎሽ ሦስት ዘረጋሽ? ገበያ ልትወጭ ነው?"

"አባዬ... ቀስ ይበሉ።"

"ምንድን ነው?"

"ምናለ ነው። ስንኙ ሲያልቅ የመጨረሻዋን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይነካ የለም? ይኸው... አሁንም።"

አዛውንቱ ጎንበስ አሉ። "ሕያው ነው በይኛ!"

"ጉልበቱ እያለቀ ነው፣ አባዬ።"

ዘጠኝ... ስድስት...

"መልሽለት እንጂ!"

"በምን? የሚመጣበትን አላውቀው..."

ሦስት...

አንድ።

ከዚያ ወዲያ ምንም።

አያ ቢያዝን ቀስ ብለው ቀና አሉ። ስምንት ወር ሙሉ እምቢ ያሉትን አሁን በገዛ እጃቸው አደረጉት፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቀዘቁት።

"ልጄን..." አሉ፤ "ልጄን ነፍሱን ይማርልኝ።"

በሦስቱም ማኪና ላይ፣ በአንድ ቅጽበት...

መቶ ሃያ ሰባት። መቶ ሃያ ሰባት። መቶ ሃያ ሰባት።

ዜማ አልነበረም። በር የተቆለፈበት ሰው ድብደባ ነበር።

"ይመልሱት! አባዬ፣ ነጠላውን ይመልሱት!"

ፈጥነው መለሱት።

ቁጥሩ ግን ቆሞ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ፣ የኪቦርዱ አሥር ቁልፎች ወደ ታች ሰጥመው ቀርተዋል። ሄለን ጣቶቿን አሳረፈችባቸው።

ይሞቁ ነበር።

እጇን ሳታነሣ... አንድ በአንድ ቀዘቀዙ።