አቶ ንብረት ያጎረሱት ዕጣ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ በአንድ ሆስፒታል የሳንባ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ የፎገራው ገበሬ አቶ ንብረት፣ በአጠገባቸው የተኛው ልጃቸው ሰውመሆን፣ ሁለቱን የምታስታምመው ሴት ልጃቸው መስከረምና ሐኪሟ ዶክተር ፈይሩዝ። አባትና ልጅ ኮሮና ባመጣባቸው የሳንባ ምች ታፍነው ከወረታ በአንድ መኪና ተጭነው መጥተዋል።

ዶክተር ፈይሩዝ የተቆጣ ሳንባ ያበርዳል ተብሎ ስለሚሞከር ክኒን አስረዳቻቸው። «ይጥቀም ይጉዳ ገና አናውቅም። ለማወቅ ለአንዳንዱ ታማሚ እንሰጣለን፤ ለአንዳንዱ አንሰጥም። ማን እንደሚወስድ የሚለየው ዕጣ ነው» አለች። ሁለቱም ተስማሙ። ዕጣው ለአባት ወጣ፤ ለልጅ አልወጣም።

ዕጣ! በእነ አቶ ንብረት መንደር ዕጣን የማያውቅ የለም። የጣና ውኃ ሲሸሽ የሚተወውን መሬት፣ ባሕር ሸሹን፣ የሚከፋፈሉት በዕጣ ነው። የደረሰው ሰው ለልጁ ቢሰጠው ጠያቂ የለበትም። አቶ ንብረትም የደረሳቸውን ሁሉ ለሰውመሆን ሲሰጡ ኖረዋል። መስከረም ከጭቃው ገብታ ሩዙን አርማ፣ አጭዳ፣ ተሸክማ... አንድ ትልም እንኳ ደርሷት አያውቅም። እናም የክፍሉ ነርስ ክኒኑን ሰጥታ ዞር ስትል ሽማግሌው ከምላሳቸው ሥር አወጡት፤ በእንጀራ ጠቅልለውም እጃቸውን ወደ ልጃቸው አልጋ ዘረጉ።

«እንደ ሙሽራ አጎረሱኝ እኮ፣ አባዬ» አለ ሰውመሆን እያለከለከ።

«ዋጥ። ሙሽራ አያወራም።»

ነርሷ ከበሩ ላይ ሆና ሳቀች። አባት ልጁን ሲያጎርስ ማን ይጠረጥራል? መስከረም ግን አይታለች። ወንድሟን እንቅልፍ ሲወስደው ጎንበስ ብላ፣ «አባዬ፣ ክኒኑ ለእርስዎ የታዘዘ ነው» አለቻቸው።

«ዕጣው የኔ ነው። ለፈለግሁት እሰጣለሁ።»

«ይሄ መሬት አይደለም።»

«ዝም በይ። አንቺ ነገ የሰው ቤት ነሽ።»

ዝም አለች። ንዴት አፏን ዘጋው። እንግዲያው እንደ ልማዳቸው ለወንዱ ሰጥተው ይሙቱ፣ ብላ አሰበች። ጉርሻው በየቀኑ ቀጠለ። ሰውመሆን እያደር ቀና አለ፤ አባት እያደር ደከሙ። ኦክስጅኑም ትንፋሻቸውን ሊመልስላቸው አልቻለም... አንድ ጧት እጃቸው ወደ ልጃቸው አልጋ እንደተዘረጋ አረፉ። እንዲህ ያለውን ፍቅር ማን ይወቅሳል? ያን ፍቅር አንድ ቀን ላልቀመሰችው ልጅስ ማን ያለቅስላታል?

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ዶክተር ፈይሩዝ መስከረምን ልታጽናና መጣች። «አባትሽ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደው ነበር፤ አላዳናቸውም። ወንድምሽ ሳይወስድ ተሻለው። የብዙ ሰው ውጤት እንዲህ ተደምሮ ነው በክኒኑ ላይ የሚፈረደው» አለቻት።

መስከረም ክው አለች። የተገላቢጦሽ ሊቆጠር ነው? ነገ ሌላ ገበሬ ታፍኖ ሲመጣ፣ በአባቷ ጉርሻ የተነሣ ክኒኑን ሊነፈግ? ሄዳ ለሰውመሆን ነገረችው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እንዳትናገሪ። አባቴን ሞተው ሳለ ሌባ ልታደርጊያቸው ነው?»

«እሳቸው የሰጡህን ሁሉ ለብቻህ ስትወስድ ኖርህ። ይሄን አትወስደውም።»

«ሳላውቅ ነው የዋጥሁት፣ መስኪ።»

«እኔ ግን ዐውቄ ነው ዝም ያልሁት» አለችና እጇን ከእጁ መንጭቃ ወጣች።

ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። «ክኒኑን የዋጠው ወንድሜ ነው። አባቴ አንድም አልዋጡም። እናንተ ጉርሻውን እያያችሁ ሳቃችሁ! ዕጣ አላችሁን፤ እኛ ዘንድ ዕጣ ምን እንደሆነ የጠየቀን የለም።»

ዶክተር ፈይሩዝ ግድግዳውን ተደገፈች። «ወንድምሽን ያዳነው ክኒኑ ይሁን ጉልበቱ፣ እኔም አላውቅም» አለች።

ሰው ዕጣውን ለሚወደው ማውረስ ይችል ይሆናል፤ ሞቱን ግን ለማን ይሰጣል? ለመስከረም የተረፋት የማይበርድ ቁጣ ብቻ ነበር... በአባቷ፣ በሐኪሞቹ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ ዝምታ።

አቶ ንብረት በዚያው ቀን ፎገራ ተቀበሩ። ዶክተር ፈይሩዝ የሰማችውን ለበላዮቿ አስታወቀች፤ ከዚያ በኋላ ታማሚዎቹ ክኒኑን ከዋጡ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ለነርሷ ያሳዩ ጀመር። ሰውመሆን ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ፤ እህቱን እስከ አባታቸው አርባ ድረስ አላናገራትም።