ጫካው «በሞቴ» ሲባል

ወለላ ሌሊቱን አንድ ክፍል ጨምራ አደረች።

ይህ የተለመደ ነው። ወለላ መርከብ ናት፤ መርከብነቷ ግን ብረት ተበይዶ ሳይሆን ከዘር በቅላ ነው። የደላት ሰሞን ጎኗ እንደ ዱባ ያብጥና ጠዋት መስኮትና አልጋ ያለው ክፍል ሆኖ ይገኛል። ያን ቀን የተከፋው አስጎብኚው ገረመው ብቻ ነበር። አዲሱ ክፍል የበቀለው የእሱን መኝታ ገፍቶ ስለሆነ፣ ሲነቃ እግሩ ኮሪደር ላይ፣ ራሱ ወጥ ቤት ነው።

«ሽንኩርት መሃል ነው የነቃሁት» አለ ቁርስ ላይ ለተቀመጡት መንገደኞች። «እኔስ ደህና ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዱን ሰውዬ ግድግዳው ውጦት፣ ባሕሩን ተሻግረን ስናበቃ ተፋው። ወፍሮ ነበር።»

«ይሄ ሰው ሲዋሽ እንኳ አያልበውም» አሉ እትዬ ፈለቀች።

እትዬ ፈለቀች ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ፍቼ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ ጫካ ሲስሉ ኖረዋል፤ ዛፎቹ እስከ ውቅያኖሱ ከንፈር የሚወርዱበት፣ ዝሆን ከጥላው ወጥቶ በማዕበል እግሩን የሚታጠብበት ጫካ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምን ምን ይሸታል?» አለቻቸው። እትዬ ፈለቀች ዝናቡን ያውቃሉ፣ የዛፉን ቁመት ያውቃሉ፤ ሽታው መጽሐፍ ላይ የለም። በዚያው ሳምንት ለጉብኝት ተራ ተመዘገቡ። ተራው እስኪደርስ ፀጉራቸው ነጣ።

ተራ የሚያስፈልገው ጫካው ስለሚጠየቅ ነው። ያ ጫካ ማንም ዘው ብሎ የሚገባበት አይደለም። ከዛፎቹ ሥር ጋር አብሮ የተዘራ ቃለ ሥር የሚሉት ድር አለ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሥር ለሥር የሚተላለፈውን ምልክት የሚያዳምጥ። መርከቧ ላይ ደግሞ አስማሚ አለ፤ በሰውና በጫካው መካከል ቃል የሚያመላልስ፣ ቅል የሚያክል ማሽን። ሕጉ አጭር ነው። ሰውም እሺ፣ ጫካውም እሺ ካላለ ማንም እግሩን አያስገባም። አንድ ሰው ደግሞ በዕድሜው የሚጠየቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ካመለጠው አመለጠው።

ከቁርስ በኋላ መንገደኞቹ ጀልባው መውረጃ አጠገብ ተሰለፉ። አስማሚም በትሕትና ጀመረ።

«ወይዘሮ ፈለቀች፣ ዛሬ ወደ ጫካው መውረድ ይፈልጋሉ?»

እትዬ ፈለቀች ጫማቸውን አጥብቀው አስረዋል፣ ጃንጥላቸውን ይዘዋል። «ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ለእኔ ብላችሁ እንዳትቸገሩ» አሉ። «ሌሎቹ ይቅደሙ።»

አስማሚ አመስግኖ አለፈ። ቀጥለው የቆሙት ባልና ሚስት «እኛ እዚሁም ደህና ነን» አሉ። ከእነሱ ኋላ ያለው «ሰው ከሞላ እኔ ይቅርብኝ» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ አቶ ልሳኑ ዘንድ ደረሰ። አቶ ልሳኑ የወፍጮ ነጋዴ ናቸው፤ ማፈር የሚባለው ነገር ሲታደል ገበያ ሄደው ነበር።

«ይፈልጋሉ?»

«አዎ። ምሳዬንም ቋጥሩልኝ።»

አስማሚ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ድምፅ አሰምቶ አወጀ። «ዛሬ የሚወርዱት አቶ ልሳኑ ብቻ ናቸው። የሌሎቻችሁ ፈቃድ ተከብሯል። ቃሉ እኩለ ቀን ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ወዲያ አይቀየርም።»

ጫማውን አስሮ፣ ኮፍያውን ደፍቶ የተሰለፈው ሕዝብ እርስ በርሱ ተያየ። ተሳሳተ ብሎ ለመናገር የደፈረ የለም፤ ያም ነውር ነው። እትዬ ፈለቀች አግዳሚው ላይ ተቀመጡና የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና ጣታቸው እምቢ አላቸው።

«ግድ የለም» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ከባሕሩም ላይ ይታያል።»

ነገሩ ለገረመው ገባው። የአገሩ ሰዎች በዚህች መርከብ ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ አስማሚ የተሠራው ደግሞ አንዴ «አይ» ያለ ሰው አይ ማለቱ ነው ተብሎ በሚታመንበት አገር ነው። ሄዶ ቅሉን በጥፍሩ ኳ አደረገው።

«አንተ፣ ምን ሠራህ?»

«ጠየቅኋቸው። አይ አሉ።»

«አንዴ ጠይቀህ ታልፋለህ? ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልህ መጀመሪያ ‹በልቼ ነው የመጣሁት› አትልም?»

«ምግብ ቀርቦልኝ አያውቅም።»

«እሱም ያሳዝናል። ስማ፤ የመጀመሪያው አይ ጉሮሮ መጥረጊያ ነው። ሁለተኛው ለጎረቤት ጆሮ ነው። ሰውየው የሚናገረው ሦስተኛው ላይ ነው።»

«ሦስተኛውም አይ ከሆነስ?»

«በሞቴ ትላለህ።»

«በማን ሞት?»

«ባንተ።»

«እኔ አልሞትም።»

«እኔ በዚህ ቃል ስንቴ ሞቻለሁ፣ ይኸው አለሁ። ‹እምቢ ካልክ እኔ ልሙት› ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እምቢ የሚል የሰው ልጅ አልተወለደም።»

የአስማሚ መብራት ለረጅም ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። «ከተማርኳቸው ሕጎች ሁሉ ይህ ይከብዳል» አለ። «ግን ጫማቸውን አስረው ነበር። እሱን አይቻለሁ።»

ተመልሶ ከሰልፉ ራስ ጀመረ። እትዬ ፈለቀች አሁንም «ይቅርብኝ» አሉ። ደገማቸው። «ኧረ ተወኝ» አሉ።

«እትዬ ፈለቀች፣ በሞቴ» አለ ቅሉ፣ ያደገው ፍቼ ነው በሚያሰኝ ድምፅ።

«እንግዲህ ሞት ካመጣህማ ምን እላለሁ» አሉና የጫማቸውን ማሰሪያ መልሰው አጠበቁ። ሰልፉ በሙሉ እየተግደረደረ፣ እየሣቀ እሺ አለ። አቶ ልሳኑ ጀልባው ውስጥ ተቀምጠው ምሳቸውን ጀምረው ነበር።

ቀጥሎ ጫካው ተጠየቀ።

«ይቅርታ ይላል» አለ አስማሚ። «ዛሬ አይመቸኝም ይላል።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ካፒቴኑ መርከቧን ያዞራል፣ ሰው ዓሣውን በልቶ ይተኛል። ገረመው የሚያጽናና ውሸት እየፈለገ ሳለ፣ አስማሚ ማንም ሳያዘው ወደ ጫካው ዞረ። «ኧረ ብዙ አንቆይም፣ አረፍ ብለን እንነሣለን» አለው።

ጫካው ሁለተኛ አይ አለ።

ገረመው ደነገጠ። ማሽኑ ትምህርቱን ለሰው ብቻ ነው ብሎ አልያዘውም። ቅሉ ጀርባ ላይ ማጥፊያ አለ፤ እጁ እዚያ ድረስ ሄደ። ዘወር ሲል እትዬ ፈለቀች ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስሙ ሊጠራ እንደተቃረበ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ገረመው እጁን ኪሱ ከተተ።

«በሞቴ» አለ አስማሚ።

ሰው ይህን ቃል እንደ ጨው ይነሰንሰዋል። ጫካ ግን ሞትን በወሬ አያውቀውም። ትልቅ ዛፍ ሲሞት ያለውን ሁሉ በሥሩ በኩል ለጎረቤቶቹ ያወርሳል፤ አብሮም አንድ ምልክት ይልካል፣ የዚያን ቀን ጫካው ሥራውን ትቶ ወደዚያ ዛፍ ያዘነብላል። አስማሚ ለ«በሞቴ» ሌላ ትርጉም ፈልጎ ስላጣ የላከው ያንኑ ምልክት ነበር።

ባሕሩ ዳር ያሉት ወፎች ዝም አሉ።

«ግቡ ይላል» አለ አስማሚ። «ቶሎ ግቡ ይላል።»

ጀልባው አሸዋው ላይ ሲያርፍ ዶፍ ይወርድ ነበር። ከፊታቸው አረንጓዴ ግድግዳ ቆሟል፤ ጫፉን ያየ ኮፍያው ይወድቃል። ግድግዳው መሃል ላይ ሐረጎቹ እንደ መጋረጃ ተሰብስበው ወደ ላይ ተጠቅልለዋል። ከስራቸው ደረቅ ጥላ አለ፤ ቅጠሉ ተነጥፎ፣ መሃሉ፣ ሞቆት ተኝቶ የነበረ ነገር አሁን እንደተነሣበት፣ ጎድጎድ ብሏል። ገረመው ጎብኚዎችን ሲያመጣ ሐረጉ እንዲህ ሲከፈት አይቶ አያውቅም። ይህን ቢያወራው ማንም እንደማያምነው አሰበ።

እትዬ ፈለቀች አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። «ግራዋ» አሉ። «ጋን የታጠበበት ግራዋ ይሸታል።» መራራው ሽታ ከጥላው ውስጥ እየተገፋ ይወጣል።

አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ።

ወዲያ፣ ጥላ በሌለበት አሸዋ ላይ፣ አንዲት ዝሆን ዝናቡን በጀርባዋ ተቀብላ ቆማለች። ከሆዷ ስር ገና መቆም ያልቻለ ግልገል ተኝቷል። ማዕበሉ እየመጣ እግሩን ይነካዋል። ዝሆኗ ሰዎቹን አላየቻቸውም፤ የምታየው ወደ ተከፈተው ጥላ ነው።

«ምን ሆና ነው ዝናብ ላይ የቆመችው?» አሉ እትዬ ፈለቀች።

አስማሚ በገረመው አንገት ላይ በተንጠለጠለችው ትንሿ ድምፅ ማጉያ መለሰ። «ሌሊቱን ወልዳ ነው። ማረፊያዋ እዚህ ነበር። ጫካው ለእናንተ አስለቀቃት፤ ዛፎቹ እሷ የምትጠላውን ሽታ ለቀቁባት።» ደግሞም ጨመረ። «ጫካው ይጠይቃል። የሚሞተው የትኛው ነው? ይግባና ይረፍ ይላል።»

አቶ ልሳኑ ማኘክ አቆሙ።

«ገረመው» አሉ እትዬ ፈለቀች ቀስ ብለው፣ «ምን ብላችሁት ነው?»

ገረመው ተናገረ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወራው ነገር የለም።

እትዬ ፈለቀች ዝሆኗን ሲያዩ ቆዩ። «እኛ ቤት እንግዳ የመጣ እንደሆን» አሉ፣ «እኛ ልጆቹ ከአልጋ ወርደን ቁርበት ላይ እንተኛለን። ጠዋት እናቴ ‹ኧረ ምንም አልተቸገርን› ትለዋለች። እንግዳው ቁርበቱን አያየውም፤ እሱ ሳይነሣ እንጠቀልለዋለን።»

«እትዬ፣ አንዲት እርምጃ እኮ ናት» አለ ገረመው። «ገባ ብለው ይውጡ። ተራዎ ተመልሶ አይመጣም።»

«አራስ አስነሥቼ አልገባም። የሚሞት የለም በለው። ውሸታችንን ነው በለው።»

አስማሚ አስተላልፎ ተመለሰ። «ውሸት ምንድን ነው ይላል።»

ሁሉም ወደ ገረመው ዞሩ፤ በዚህ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ አዋቂ የለማ። ገረመው አሰበ፣ አሰበ። «ደህና ነን በለው» አለ በመጨረሻ። «ቦታውን ለባለቤቷ ይመልስላት።»

እትዬ ፈለቀች ባሉበት ሆነው ወደ ዝሆኗ በትንሹ ጎንበስ አሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጀልባው መለሱ። ሌላው ሁሉ ተከተላቸው፤ አቶ ልሳኑም ሳይቀሩ፣ የምሳቸውን ፍርፋሪ ከአሸዋው ላይ ለቅመው።

ጀልባው ፈቀቅ ሲል መራራው ሽታ ሳሳ። ዝሆኗ ግልገሉን በኩምቢዋ እየደገፈች ወደ ጥላው አስገባችው። ሐረጉም ከኋላዋ ወረደ።

«ታዲያ ተማሪዋን ቢያገኟት» አለ ገረመው፣ «ምን ይሸታል ይሏታል?»

«እንግዳ በድንገት የደረሰበት ቤት እላታለሁ።»

ወዲያው አስማሚ ድምፅ አሰማ። «ጫካው ይናገራል። ‹ምነው ተነሣችሁ? ገና ምኑን ተቀመጣችሁት?› ይላል።»

ጀልባው በሣቅ ተናጋ። ባልና ሚስቱ ተቃቅፈው ሣቁ። «ይሄማ የእኛ ሰው ነው» አሉ አቶ ልሳኑ።

ገረመው ግን አልሣቀም። «ከልቡ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለይቼ አውቅ ነበር» አለ አስማሚ።

እትዬ ፈለቀች አንድ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋውን ወደ ባሕሩ አራገፉ። «ሌላ ቀን እንመጣለን በለው» አሉ።

«ግን አይመጡም። ቀንዎ የዛሬው ነበር።»

«አውቃለሁ። አንተ በለው።»

አስማሚም አለው። የጫካው መልስ የደረሰው ወለላ አዲሱን መስኮቷን ከፍታ ስትታያቸው ነው።

«‹እሺ፣ እጠብቃለሁ› ይላል» አለ አስማሚ።

ሣቁ ቆመ።