አሮጌው ሲስተም

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በትርጉም ቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌው ተርጓሚ፣ ጸሐፊ የሆነችው ልጃቸውና ኮምፒውተር ጠጋኙ። አራተኛው ከበሩ አላለፈም። የወረቀት ካርቶን አቀበለ።

«ነጩ ነው?» አለ ጠጋኙ።

«ነጩ አልቋል። ቢጫው ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ከካርቶኑ ሥር ፍላሽ አለ። አቀባዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሮጌውን ሲስተም ፎርማት አድርገህ ይሄን ጫን። ኮፒ እንዳትይዝ። እስከ አምስት ሰዓት።»

«ስሞቹስ?»

«አንተ ቀይር፣ ስንጥር። ሌላው አያገባህም።»

ስንጥር የሚሉት በስለላ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ አቀባዩን ደግሞ «አጎት» ይሉታል። እዚህ ቤት ግን ጠጋኙ «ሙሽራው» ነበር። ሽማግሌውን ሦስት ዓመት ሰልሏል። ከልጅቱ ጋር ቀለበት ካሰረ አራት ወሩ። ቀለበቱን ማንም አላዘዘውም።

የሽማግሌው ኮምፒውተር ሁለት ሲስተም አለው። ሲበራ የቱን ልክፈት ይላል። በአዲሱ ይተረጉማሉ። አሮጌውን የሚከፍቱት በምሳ ሰዓት፣ በር ዘግተው ነው። መሥሪያ ቤቱ «የከሃዲዎች ስም አለበት» አለ። በቦታው መልኩ ያው የሆነ፣ ግን የሚጻፍበትን ሁሉ የሚያቀብል ሲስተም ይግባ ተባለ።

«ጋሼ፣ ማሽንዎ ተንቀራፏል። ላጽዳልዎ።»

«እንደ ጌታው ነዋ» አሉ ኮፍያቸውን እየደፉ። «አሮጌውን ግን እንዳትነካብኝ። አደራ።»

«ምን ደብቀውበት ነው?»

«ወጣትነቴን።» ማኅተም ሊያስመቱ እየሳቁ ወጡ።

ፎርማት አደረገው።

አዲሱን ጭኖ ሲከፍተው አንድ ፎልደር አየ። አሥራ ሁለት ደብዳቤ። ሁሉም በሽማግሌው ስም፣ ሁሉም ለጠላት የተጻፉ።

አሁን የተወለደ ሲስተም፣ የአምና ደብዳቤ።

በመስኮት አየ። ማዶ ሁለት መኪና ቆሟል። አጎት አልሄደም። የሚፈልጉት ስም ሳይሆን ወንጀለኛ ነበር።

«ሙሽራው፣ ላብህ ምንድን ነው?» ልጅቱ ከኋላው ቆማለች። ማያውን አየች። «አሮጌው የት ሄደ?»

«ምን ነበረበት?»

«የእማዬ መዝገበ ቃላት ነዋ። ፕሮግራሙን ራሷ ነው የሠራችው፤ በአዲሱ አይከፈትም። እሷ ካረፈች በኋላ አባዬ በየቀኑ ሁለት ሦስት ቃል ይጨምርበታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ኮፒ ይዘሃል አይደል? አንተ እኮ ኮፒ ሳትይዝ የሰው ማሽን አትነካም።»

«ስጨርስ እነግርሻለሁ። ተይኝ።»

የጠጋኝ ልቡ ያውቃል፤ የተሰረዘ ነገር ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ሊነሣ ይችላል። ማሽኑን አሁን ቢያጠፋው የመዝገበ ቃላቱ አብዛኛው ይተርፋል። ደብዳቤዎቹም ይተርፋሉ። እነሱን ብቻ ቢሰርዝ፣ ቅጂ የት የት እንደቀበሩ አያውቅም። ዲስኩን ቢነቅል፣ ባዶ ማሽን ራሱ ክስ ነው።

አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

ከራሱ ቦርሳ ንጹሕ ሲስተም አወጣ። መጀመሪያ የአሮጌውን የዲስክ ክፍል፣ ምንም እንዳይነሣ፣ ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ደመሰሰው። መቶኛው እየቆጠረ ሲወጣ ዓይኑን አልነቀለም። ሰባ። ሰማንያ። የሞተች ሴት ሥራ ነበር።

ንጹሑን ጭኖ እንደጨረሰ አምስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ፈታሾች ገቡ። ሽማግሌውም ከኋላቸው ደረሱ። ሁለቱንም ሲስተም አገላበጡ። ምንም የለም።

አጎት ጠጋኙን ደጃፍ ላይ ያዘው።

«ደብዳቤዎቹስ?»

«የምን ደብዳቤ? ቀይር አልከኝ፣ ቀየርኩ።»

ሲመለስ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አሮጌውን ከፍተው ባዶውን ማያ ያያሉ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አደራ ብዬህ?»

እውነቱን ቢናገር፣ ያወቀ ሁሉ ይታሰራል።

«ኮፒውን ስጠው እንጂ» አለች ልጅቱ። «ምን ትገተራለህ?»

«አልያዝኩም።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«የመጨረሻዋን ቃል ትናንት ነው የጻፍኳት» አሉ። «የትኛዋ እንደነበረች ጠፋችብኝ፣ ልጄ።»

ማንን «ልጄ» እንዳሉ አልገባውም። ልጅቱ በሩን ከፍታ ያዘችለት።

ሽማግሌው አልታሰሩም። ጠጋኙ በማግሥቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ በሌላ ስም የማተሚያ ማሽን ይጠግናል።