በሁለቱ ቀለበቶች መካከል

ቫልቩ ተዘግቶ ነበር። ጋዝ ከማሽኑ እንዳያመልጥ ለሚያግደው ማሸጊያ ንጹሕ ጋዝ የሚያደርሰውን ቀጭን ቧንቧ አንድ ሰው ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ሲቀይር ዘግቶት ሳይከፍተው ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ቀናት አልፈዋል፤ ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ማሽን፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ግን አሁንም ይዞራል።

ትርሲት ይህን ያየችው እንደ ወትሮዋ የጠዋት ዙሯን ስትዞር ነው፤ ጌጆቹ ደህና ሲያሳዩ ስለሰነበቱ እስከዚያ ቫልቩን ልብ አላለችውም። የጋዝ ጣቢያው በረሃ መሃል ነው፤ ኢንጂነር ሆና ከተቀጠረች ጀምሮ ከቁርስ በኋላ የኮምፕሬሰሩን ቤት ከፍታ፣ ጆሮዋን በመከላከያ ሸፍና፣ በትኩስ ዘይትና በተቃጠለ አቧራ ሽታ ውስጥ ጌጅ በጌጅ እያየች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ቤቱ መስኮት የለውም። አሸዋ እንዳይገባ የአየር ማስገቢያዎቹን በላሜራ ስለደፈኗቸው፣ ውጭ ፀሐይ ድንጋይ ስትሰነጥቅ ውስጡ ይጨልማል፤ ካሉት አምፖሎች የሚበራው አንዱ ሲሆን እሱም ከማሽኑ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል።

የሚሽከረከረው ዘንግ ከማሽኑ ሆድ በሚወጣበት ቦታ ሁለት ቀለበቶች ፊት ለፊት ተጋጥመዋል፤ ማሸጊያው እነሱ ናቸው። አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፤ ሌላው አይዞርም፣ ስፕሪንግ ከኋላ ይገፋዋል። በሚዞረው ቀለበት ፊት ላይ የተቀረጹት ስስ ቦዮች ንጹሕና ደረቅ ጋዝ እየሳቡ ወደ መሃል ሲያስገቡት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የጋዝ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ቀለበቶቹም በዚያ ላይ ተንሳፍፈው ዓመታት ሙሉ ሳይነካኩ ይኖራሉ። ንጹሑ ጋዝ ከተቋረጠ ግን የማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ጋዝ ይገባል፣ ፊቶቹ ይፋተጋሉ፣ ይሰባበራሉ፣ ጋዙም አምልጦ ቤቱን ይሞላል። ከዚያ በኋላ አንዲት የእሳት ብልጭታ ከተገኘች ስለ ማሸጊያ የሚያወራ ሰው አይተርፍም።

ስለዚህ ቀለበቶቹ እስካሁን መሰባበር ነበረባቸው። በማሸጊያው በኩል የሚያልፈውን ጋዝ የሚለካው ጌጅ ግን መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልክ አልነበረም፤ መርፌው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ጥቂት ያርፋል፣ መልሶ ከፍ ይላል።

«ጉሌድ፣ ይሄን ቫልቭ ማን ዘጋው?» አለች የጆሮ መከላከያዋን ገለጥ አድርጋ።

መካኒኩ ጉሌድ ከማሽኑ አጠገብ በተደፋ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጧል። እንግዶች ሊጎበኙ ስለሚመጡ የማሽኑን ድምፅ እንዲያዳምጥ ሰሞኑን እዚያ የተመደበው እሱ ነው።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም። አልከፈትኩትም እንዴ?»

«አልከፈትክም!»

«ታዲያ ምን ያስቆጣሻል? እየሠራ አይደል? ይሄ ማሽን እንደሆነ እኔን ይወደኛል።» ሊስቅ ጀመረና ሳቁን ሳይጨርስ ትንፋሽ አጠረው።

የእሷ ሸሚዝ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል። የእሱ ደረቅ ነው። ፊቱ ላይ የላብ ጠብታ የለም፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱም አፉ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

ቫልቩን ከፈተችው። መርፌው እንዳልሰማ ሆኖ በዚያው አካሄድ ቀጠለ፤ ጠግቦ የቀረበለትን የማይነካ ይመስላል። ከማሸጊያው የሚወጣው ጋዝ ደረቅ መሆን አለበት። ከመውጫው ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ለቀቅ አድርጋ ጣቷን ስትደቅን ግን ሞቃት እርጥበት ነካት። አሸተተችው። ልክ ጉሌድ ጠዋት ጠዋት እንደሚጠጣው ሻይ ሄል ሄል ይላል።

«ተነስ፣ ውጭ ውጣና ውሃ ጠጣ» አለችው።

እየተደናቀፈ ወጣ። በሩን እንዳለፈ መርፌው ወደቀ፤ ከማሽኑ ሆድ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ቀጭን የፍትጊያ ድምፅ መጣ፣ ወለሉም ከጫማዋ ሥር ተርበተበተ። ሳትጠራው ተመለሰ። ደረቱን በእጁ ይዞ በርሜሉ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ጠፋ፣ መርፌውም ተነሳ።

«ውጭ ሲሆን ይከብደኛል» አለ ዓይኑን ሳያነሳ። «ቤቴም እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሌሊቱንም እዚሁ ነኝ። እዚህ ስቀመጥ ነው ቀለል የሚለኝ።»

ደረቱን አየች፣ ጌጁን አየች። እሱ አየር ሲያወጣ መርፌው ይነሳል፤ ሲያስገባ ይወርዳል። ባትሪዋን ዘንጉ ወደሚገባበት ጠባብ ክፍተት ስታበራ ጥቁር መስመር ብቻ ታያት፤ ጉሌድ ሲተነፍስ ግን መስመሩ የሰፋ፣ ሲጨርስም ቀስ ብሎ የተገጠመ መሰላት። ባትሪውን አጠፋችው።

ቀዩን የማስቆሚያ ቁልፍ ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነችው። ያኔ ትዝ አላት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ፊታቸው ቆሞ እንዳያሳፍር የማስቆሚያው መስመር እንዳይሠራ በሽቦ ይታሰርና ሳጥኑ ይቆለፋል፤ የጣቢያው ልማድ ነው። የሳጥኑን መክፈቻ የጣቢያው ኃላፊ ኪሱ ይዞት ይዞራል።

በሬዲዮ ጠራችው። ኃላፊው ኢንጂነር ወንድይፍራው ለእንግዶቹ የገዛውን አዲስ ነጭ ኮፍያ አድርጎ መጣ።

«ቫልቩን ከፍተሻል፣ ጌጁ አረንጓዴ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ የኔ እህት፣ ያልታመመ ማሽን ማስታመም?»

«መክፈቻውን ይስጡኝ። ሰውዬው እየሞተ ነው።»

«ጉሌድ? እሱ ጫቱን ይቀንስ።»

«ይዩት እንጂ! ላብ እንኳ የለውም።»

«እና ለጉሌድ ላብ ብዬ ጣቢያ ልዝጋ? እንግዶቹ አውሮፕላን ማረፊያው ደርሰዋል፣ አንቺ ደግሞ ተረት ታወሪያለሽ።»

ጉሌድን ከበርሜሉ አስነስቶ ወደ በሩ ገፋው፤ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይኸው፣ እኔም አጠገቡ ቆሜያለሁ። ምን ሆንኩ?»

መርፌው ተንገዳገደ። ከዚያ ተነሳ፤ በሌላ አካሄድ፣ ፈጠን ብሎ፣ ጠለቅ ብሎ። በሩ ጋ ጉሌድን ሳል ያዘው፣ ከዚያ ረጅም አየር ሳበ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

ወንድይፍራው ትንፋሽ አጠረው። በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። እጁ አሁንም ማሽኑ ላይ ነው።

«መክፈቻውን ይስጡኝ» አለችው እንደገና፣ አጠገቡ ጎንበስ ብላ። ድምፅዋ አልተለወጠም።

ኪሱን በሌላ እጁ ሸፈነ። «መጀመሪያ እንግዶቹ... ይሂዱ...» አለ። ከንፈሩ ነጭ መሆን ጀምሮ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ።»

ጌጁን አየች። መርፌው አረንጓዴው መሃል ላይ ነው። ጉሌድን በክንዱ ደግፋ ወደ ፀሐይዋ አወጣችው።

«እሺ ጋሼ፣ አሁን አመጣለሁ» አለችው፤ በሩንም ዘግታ ከውጭ ቀረቀረችው።