ሁለት ስም ያለው መድኃኒት

ዝምተኛዋ የሥልጠናው አዳራሽ ስትደርስ ሃያ ደቂቃ አርፍዳለች። የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ቦርሳ ተቀምጦበታል።

«ይቅርታ፣ ሰው አለው?» አለች ጎንበስ ብላ።

አጠገቡ የተቀመጠው ባለ አረንጓዴ ሹራብ ሰው ቦርሳውን አነሳላት። «ቦርሳዬ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ነገር አልገባውም» አላት በሹክሹክታ።

ሳቋ አመለጣት! አሠልጣኟ ቀና ብለው ሲያዩአት አፏን በእጇ ሸፈነች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው? እሷም አታስታውሰውም።

«ዝምተኛዋ» የሚሏት አብረዋት የሚሠሩት ሐኪሞች ናቸው። የሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። ሐኪም ስለ አንድ በሽታ ወይም መድኃኒት የተጻፈ ጥናት ሲያስፈልገው ይደውልላታል፤ እሷም ፈልጋ ትልክለታለች። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበረች። ዝም ያለችው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከአንድ ማክሰኞ በኋላ ነው።

ያን ቀን አንድ ሐኪም ደወለላት። «አንዲት ታማሚ አለችኝ። ትኩሳቷ አልወርድ ብሏል፣ ጉበቷም እየከዳት ነው። የምትወስደው መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል ወይ? የተጻፈ ነገር ካለ ቶሎ ላኪልኝ።»

ፈለገች። «ምንም የለም ዶክተር» አለችው። መድኃኒቱ አልተቋረጠም። በሦስተኛው ቀን ታማሚዋ አረፈች።

ከወር በኋላ ሌላ ነገር ስትፈልግ ስለዚያ መድኃኒት የተጻፈ ጥናት ድንገት ብቅ አለ። መድኃኒቱ ሁለት ስም ነበረው፤ እሷ የፈለገችው በአንዱ ብቻ ነው። ጥናቱ «ጉበት ከተጎዳ መድኃኒቱ ወዲያው ይቁም» ይላል። አተመችው፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የሟቿን ፊት አይታው አታውቅም። ስለዚህ ማንም ሴት እሷ ልትሆን ትችላለች። በአልጋ እየተገፋች የምታልፈው፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሽው ያለችው፣ አሳንሰር ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችው... ሁሉም ዞር ብላ «ደግመሽ ፈለግሽ ወይ?» የምትላት ይመስላታል።

ለሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የአራት ሳምንት ተከታታይ ሥልጠና ተዘጋጅቷል ሲባል ቀድማ የተመዘገበችውም ዳግም እንዲህ ያለ ጥናት እንዳያመልጣት ነው። ምስክር ወረቀቱ ጉዳይዋ አልነበረም።

ባለ ሹራቡ በየቀኑ ቦርሳውን አስቀምጦ ወንበር ይይዝላታል። ቀድሞ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ወደ ሕክምናው የመጣው በቅርብ ነው። በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን እየላጠ ያስቃታል።

«ሥልጠናው ሲያልቅስ?» አላት አንድ ቀን።

«ሲያልቅ ምን?»

«ወንበር የምይዝልሽ የት ነው?»

«ቦርሳህን አማክረውና ንገረኝ» አለች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኟ፣ «ነገ እያንዳንዳችሁ መልስ ያጣችሁለትን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንፈልጋለን» አሉ።

በማግስቱ ባለ ሹራቡ ተነሳ። «የእኔ ጥያቄ የባለቤቴ ነው» አለ። «ከስድስት ዓመት በፊት ነው የሞተችው። ሐኪሟ ‹መድኃኒቱ ይሆን ብለን ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቀን ነበር፤ ምንም የለም አሉን› አለኝ። እኔም ይህን ሙያ ተማርኩ። እውነት ምንም አልነበረም ወይ? ማወቅ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።»

የመድኃኒቱን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ዝምተኛዋ ያን ማክሰኞ የፈለገችበት ስም ነው። ከዚያ፣ «ጥያቄ ብቻ ሆና እንዳትታያችሁ» ብሎ ፎቶዋን ግድግዳው ላይ አበራው። የፊት ጥርሷ ትንሽ የተሸረፈ፣ ከልቧ የምትስቅ ሴት።

*አንቺ ነሽ?* አለች ዝምተኛዋ በልቧ። *እንግዲህ አገኘሁሽ...*

ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቦርሳዋን ይዞ መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጣ።

«ሚስት እንደነበረችኝ ስለደበቅኩሽ ነው አይደል? ልነግርሽ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ!»

«‹ምንም የለም› ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው።

መሳቢያውን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበው። አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው፣ ሄደ።

የመጨረሻውን ሳምንት በሙሉ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ጠልቶኛል ብላ እርግጠኛ ሆነች፤ አልፈረደችበትምም። በመዝጊያው ቀን ምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሰውነቱ ከስቷል።

«ልጠላሽ ሞከርኩ» አላት። «አልሆነልኝም። ያልነገርኩት ነገር አለ። ‹ይሄ መድኃኒት ነው የጎዳኝ፣ ልተወው› ብላኝ ነበር። ‹ሐኪም ያዘዘው አይተውም› ብዬ በገዛ እጄ አስዋጥኳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛ ስፈልግ የኖርኩት ራሴን ላለማየት ነው።»

«ጥናቱን ባገኘው ኖሮ ትድን ነበር...»

«ጥናቱ የሚለው ዘጠኝ ሰዎች መድኃኒቱን አቁመው አራቱ ዳኑ ነው። እሷ ከየትኞቹ ትሆን እንደነበር አንቺም እኔም አናውቅም። ይህን ይዘን ነው የምንኖረው።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። በማግስቱ አብረው ሄዱ፤ እሷም ለሐኪሙና ለሆስፒታሉ ኃላፊ ሁሉንም ተናገረች። ተገሠጸች። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ፍለጋ ውጤት ሁለተኛ ባለሙያ ያየዋል።

«እወድሻለሁ» አላት በዚያው ቀን። «ግን የባለቤቴ እናት ሳያውቁ አንቺን አላገባም። እስከ ዛሬ ‹ልጄ› ነው የሚሉኝ።»

እናት ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሰሟት። አላቋረጧትም።

«ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «ውጪልኝም አልልሽም። ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ ሄደች። ጥናቱን ቃል በቃል አስነበቧት፣ ያልገባቸውን እያስተረጎሙ። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጃቸው አጥር ስትዘል ጥርሷ እንዴት እንደተሸረፈ ነገሯት፤ እየተረኩ ሳቁ፣ መልሰው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ወር ሆነ። አንድ ሐሙስ ቀርታ ብትውል በዚያው ማታ ደውለው፣ «ምን ሆንሽ? አሞሽ ነው?» አሏት።

ከዚያ አንድ ቀን ሳታስበው ጠየቋት።

«ለመሆኑ የሚድርሽ ማን ነው?»

«ማንም የለኝም እማማ። ወላጆቼ አልፈዋል።»

እናት በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«እንግዲያው እኔ እድርሻለሁ» አሉ።

ዳሯትም። በሠርጉ ቀን እጇን ይዘው ሲወጡ እንባቸው አላቋርጥ አለ። ለየትኛዋ ልጃቸው እንደሚያለቅሱ ማንም አልጠየቃቸውም።